ዋጋው ወጣ፤ ጉልበቱስ? የቢትኮይንን ሞመንተም ከቻርት ላይ ለማንበብ

ኖቬምበር 10 ቀን 2021 አንድ ቢትኮይን 69,000 ዶላር ገባ። ከዚያ በፊት እዚያ ደርሶ አያውቅም። ከሰባት ወር በፊት፣ ኤፕሪል 14 ቀን፣ የረገጠውን 64,800 ዶላር ገደማም በአራት ሺህ ዶላር በልጦታል። ዋጋውን ብቻ ለሚያይ ሰው ገበያው እንደዚያ ቀን ጠንክሮ አያውቅም። ከዋጋው ሥር ያለው፣ ጉልበቱን የሚለካው መስመር ግን ሌላ ነገር ይል ነበር። በሳምንታዊው ቻርት ላይ ይህ መስመር ጫፉን የነካው ጃንዋሪ 2021 ላይ ነው። ኤፕሪል ላይ ከዚያ አነሰ፤ ኖቬምበር ላይ ደግሞ ከኤፕሪሉም አነሰ። ዋጋው እየወጣ ጉልበቱ እየከዳው ነበር። በዓመቱ፣ ኤፍቲኤክስ የተባለው የመገበያያ ድርጅት ኪሳራ ባወጀበት ወር፣ ቢትኮይን 15,500 ዶላር አካባቢ ወርዶ ተገኘ።

ይህ መመሪያ ያንን መስመር ራስዎ አውጥተው እንዲያነቡት የተጻፈ ነው። ነገ ዋጋው ስንት ይሆናል ለሚለው ጥያቄ መልስ የለውም፤ አለኝ የሚል ሰው ካጋጠመዎት ስልክዎን ወደ ኪስዎ ይመልሱ። ሞመንተም የሚመልሰው አንድ ነገር ነው፦ ዋጋውን የሚገፋው ኃይል እየበረታ ነው ወይስ እየደከመ? የእንጦጦን ዳገት የሚወጣ ሚኒባስ ሾፌሩ እግሩን ከነዳጁ ላይ ቢያነሳም ትንሽ መውጣቱን ይቀጥላል። ከውጭ ላየው አሁንም እየወጣ ነው። ፍጥነት መለኪያውን የሚያይ ሰው ግን ቀድሞ ያውቃል።

ወደ ሥራው ከመግባታችን በፊት ሁለት ነገር። ቀኖቹ ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው፤ ቻርቱ የሚያሳይዎት እሱን ስለሆነ። ሁለተኛው፣ አገር ውስጥ ላላችሁ፦ የኢትዮጵያ ብሔራዊ ባንክ በ2022 ባወጣው ማሳሰቢያ የአገሪቱ ሕጋዊ መገበያያ ብር ብቻ መሆኑንና በክሪፕቶ መገበያየት ሕገ ወጥ መሆኑን ገልጿል። ከዚህ በታች ያለውን ሁሉ አንድ ሳንቲም ሳያንቀሳቅሱ በነጻ ቻርት ላይ መለማመድ ይቻላል፤ የምመክረውም በዚያ እንዲጀምሩ ነው።

ቻርቱን ማዘጋጀት

ትሬዲንግቪው ላይ ነጻ አካውንት ከፍተው የቢትኮይንንና የዶላርን ጥንድ ይፈልጉ። በደርዘን የሚቆጠር ምርጫ ይመጣልዎታል። ክሪፕቶ አንድ ማዕከላዊ ገበያ ስለሌለው እያንዳንዱ ምርጫ የአንድ መገበያያ መድረክ ዋጋ ነው። ዕድሜው ረዘም ያለውን ይምረጡ። ቢትስታምፕ ከ2011 ጀምሮ ያለ ስለሆነ የድሮውን ዋጋ ሁሉ ያሳያል፤ ኮይንቤዝም ጥሩ ነው። አንዴ ከመረጡ በኋላ ከእሱ አይውረዱ። ዛሬ በአንዱ ነገ በሌላው ማየት ጀማሪን ከሚያደናግሩ ነገሮች አንዱ ነው።

ዋጋው በዶላር ይሁን። በሚወርድ ገንዘብ የተሠራ ቻርት የሌለ ጉልበት ያሳያል። ጁላይ 29 ቀን 2024 ብር በገበያ እንዲተመን ሲደረግ 57 ብር ገደማ የነበረው ይፋዊው የዶላር ምንዛሪ በሳምንታት ውስጥ ከ100 ብር አልፏል። በዚያ ምንዛሪ የተሠላ ቻርት ቢኖር ቢትኮይን ባለበት ቆሞ እንኳ ዋጋው በእጥፍ ገደማ እንደዘለለ ያሳይ ነበር።

ከዚያ በዋጋው ዓምድ ግርጌ ያለውን የሎግ ስኬል ያብሩ። በተራው ስኬል ከ1,000 ወደ 2,000 ዶላር የሄደና ከ50,000 ወደ 51,000 ዶላር የሄደ ዋጋ እኩል ቁመት ይኖራቸዋል። የመጀመሪያው ግን ገንዘብን እጥፍ አድርጓል፤ ሁለተኛው ሁለት በመቶ ብቻ ጨምሯል። ጉልበት የሚለካው በመቶኛ ነውና የዓመታት ቻርት ያለ ሎግ ስኬል ሁልጊዜ የቅርቡን አግዝፎ የሩቁን ያጠፋል።

የሰዓት ቀጠናውን ዩቲሲ ላይ ያድርጉት። ምክንያቱ ቀላል ነው፦ የክሪፕቶ ገበያ ቅዳሜ እሑድ፣ ሌሊት ቀን አይልም፤ ስለዚህ «የዕለቱ መዝጊያ» የሚባለው በስምምነት የተቀመጠ ነው፣ በዩቲሲ እኩለ ሌሊት። በእኛ ሰዓት ከሌሊቱ 9 ማለት ነው። የሳምንቱ ካንድል፣ ማለትም የሳምንቱን ዋጋ የሚያሳየው አሞሌ፣ የሚዘጋው ደግሞ ሰኞ ሊነጋ ሲል በዚሁ ሰዓት ነው፤ ዱባይ ላላችሁ 10 ሰዓት፣ ዋሽንግተን ላላችሁ እንደ ወቅቱ እሑድ ምሽት 1 ወይም 2 ሰዓት። ይህ ትንሽ ነገር አይምሰልዎት። ያልተዘጋ ካንድል ላይ የሚነበብ መለኪያ ሁሉ ገና ይለዋወጣል። ረቡዕ ላይ «ሳምንታዊው መስመር ተቆረጠ» ብሎ የሚጮህ ሰው እሑድ ሲመጣ መስመሩ እንዳልተቆረጠ ያገኘዋል፤ እስከዚያ ግን የተከተሉት ሰዎች ገዝተዋል ወይም ሸጠዋል።

መጀመሪያ አቅጣጫው

ሞመንተም ብቻውን ትርጉም የለውም። መጀመሪያ ዋጋው ወዴት እየሄደ እንደሆነ ይወቁ። ሳምንታዊውን ቻርት ይክፈቱና ምንም ሳይጨምሩበት ጫፎቹንና ጉድጓዶቹን ይመልከቱ። እያንዳንዱ ጫፍ ካለፈው ጫፍ፣ እያንዳንዱ ጉድጓድም ካለፈው ጉድጓድ ከፍ ካለ ገበያው ወደ ላይ ነው። ሁለቱም ዝቅ ካሉ ወደ ታች ነው። ከሁለቱም ካልሆነ ዝም ብለው «አይታወቅም» ብለው ይጻፉ። አብዛኛውን ጊዜ የሚጽፉት ይህንኑ ነው።

ከዚያ ዕለታዊውን ከፍተው የ200 ቀን አማካይ መስመር ይጨምሩበት። ሰዎች ዋጋው ከመስመሩ በላይ ነው ወይስ በታች እያሉ ይከራከራሉ፤ እኔ ግን የመስመሩን ተዳፋት ማየት እመርጣለሁ። መስመሩ ወደ ላይ እያዘነበለ ዋጋው ለጥቂት ቀናት ከሥሩ ቢገባ አያስደነግጥም። መስመሩ ወደ ታች እየሄደ ዋጋው ብቅ ቢልበት ግን ለደስታ ገና ነው።

አርኤስአይ ውስጡ ምን አለ?

አሁን ከኢንዲኬተሮቹ ዝርዝር ውስጥ አርኤስአይን ይምረጡ፤ በመክፈቻችን ያነሳነው የጉልበት መስመር እሱ ነው። ይህን መለኪያ ያወጣው ዌልስ ዋይልደር የተባለ አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው፣ በ1978 ባሳተመው መጽሐፍ። በዚያን ዘመን ሰው ቻርቱን በወረቀት፣ ስሌቱን በእጅ ካልኩሌተር ስለሚሠራ ቀመሩ የሚያስፈራ አይደለም። አንዴ በእጅዎ ቢያሰሉት ደግሞ ቻርት ላይ ሲያዩት አያታልልዎትም።

ያለፉትን 14 ቀናት ይውሰዱ። በ9ኙ ዋጋው ወጥቶ ጭማሪው ሲደመር 6,300 ዶላር ሆነ እንበል። በቀሪዎቹ 5 ቀናት ወርዶ ቅናሹ ሲደመር 2,100 ዶላር ሆነ። ወደ ላይም ወደ ታችም የተደረገው እንቅስቃሴ በጠቅላላ 8,400 ዶላር ነው። ከዚህ ውስጥ ወደ ላይ የሆነው ድርሻ 6,300፣ ማለትም 75 በመቶ ነው። አርኤስአዩ 75 ነው። መጻሕፍት ላይ የሚታየው ባለ ብዙ መስመር ቀመር ሲፈታ የሚያርፈው እዚሁ ላይ ነው። ከመጀመሪያዎቹ 14 ቀናት በኋላ ዋይልደር አዲሱን ቀን የሚጨምረው የቀደመውን አማካይ በ13 አባዝቶ፣ የዛሬውን ደምሮ፣ ለ14 በማካፈል ነው። ስለዚህ የድሮ ቀን በአንዴ አይጠፋም፤ እየደበዘዘ ነው የሚሄደው።

ከዚህ ስሌት ብዙ ነገር ይወጣል። አርኤስአይ ቢትኮይን ውድ ነው ወይስ ርካሽ የሚለውን አያውቅም፤ የሚያውቀው የቅርብ ቀናት ጭማሪና ቅናሽ ድርሻ ብቻ ነው። ዜናም አያውቅም። ደግሞ ዋጋው ሳይወርድ መስመሩ ሊወርድ ይችላል፦ በፍጥነት የወጣ ዋጋ ከፍ ባለበት ቆሞ ወዲያ ወዲህ ቢል ጭማሪና ቅናሹ ይመጣጠናሉ፣ መስመሩም ወደ 50 ይጓዛል። ገና 20 ቀን የሞላው አዲስ ኮይን ላይ «ሳምንታዊ አርኤስአይ» ብሎ ነገር የለም፤ 14 ሳምንት እንኳን አልኖረማ። ቴሌግራም ላይ ግን በየቀኑ ያዩታል።

70 እና 30፦ ብዙ ሰው የሚከስርባቸው ቁጥሮች

ዋይልደር ሁለት መስመር አሰመረ፤ ከ70 በላይ ያለውን ከመጠን በላይ የተገዛ፣ ከ30 በታች ያለውን ከመጠን በላይ የተሸጠ አለው። ከዚህ ተነስቶ «70 ሲገባ ሽጥ፣ 30 ሲገባ ግዛ» የሚል ሕግ በየቪዲዮው ይሰበካል። በቢትኮይን ላይ ይሞክሩትና ምን እንደሚሆን ይዩ።

ሳምንታዊውን ቻርት ወደ ኖቬምበር 2020 ይመልሱት። ዋጋው ገና ከ20,000 ዶላር በታች ሳለ አርኤስአይ 70ን አልፏል። በዚያ ሕግ የሄደ ሰው እዚያ ሸጦ ወጥቷል። ከአምስት ወር በኋላ ዋጋው 64,800 ዶላር ነበር። በወራቱ መካከል መስመሩ ለሳምንታት ከ70 በላይ ተቀምጧል። በጠንካራ ገበያ ከ70 በላይ መውጣት የጉልበት ምልክት እንጂ የድካም ምልክት አይደለም። የድካሙ ምልክት ዋጋው አዲስ ጫፍ ሲነካ መስመሩ እዚያ መመለስ ሲያቅተው ነው።

የ30ው ወጥመድ ደግሞ የባሰ ነው። ሜይ 2022 ላይ ሉና የተባለው ኮይን በሳምንት ውስጥ ከ80 ዶላር ገደማ ተነስቶ ከአንድ ሳንቲም በታች ወርዷል። ዕለታዊውን ቻርት ቢያዩት ዋጋው ገና 30 ዶላር አካባቢ ሳለ አርኤስአዩ ከ30 በታች ነበር። «ከመጠን በላይ ተሽጧል፣ ይመለሳል» ብሎ በዚያ የገዛ ሰው ገንዘቡን በሙሉ አጥቷል ማለት ይቻላል። ሉናን የጣለው ከእሱ ጋር የተሳሰረው ዩኤስቲ የተባለ የተረጋጋ ኮይን ከአንድ ዶላር ዋጋው መውረዱ ነው። ዩኤስቲን የሚለውጡ ሰዎች በበዙ ቁጥር ሲስተሙ አዲስ ሉና ያትማል፤ ሉና በበዛ ቁጥር ዋጋው ይወርዳል። ይህን ማንም የቻርት መለኪያ አያይም። ኮይኑ የሚሠራበት መንገድ ሲፈርስ ቴክኒካል ትንተና ሥራው አብቅቷል።

ታዲያ ቁጥሮቹ ለምን ይጠቅማሉ? የገበያውን ባሕርይ ለመለየት። ወደ ላይ በሚሄድ ገበያ አርኤስአይ አብዛኛውን ጊዜ በ40 እና በ80 መካከል ይመላለሳል፤ ዋጋው ሲያርፍ 40 አካባቢ ደርሶ ይነሳል። ወደ ታች በሚሄድ ገበያ ደግሞ ከ20 እስከ 60 ነው፤ ዋጋው ሲያንሰራራ መስመሩ 60 ሳይደርስ ወይም እዚያ ሲደርስ ይመለሳል። ማርች 2022 መጨረሻ ላይ ቢትኮይን 48,000 ዶላር ደርሶ ነበር፤ ብዙ ሰውም «ገበያው ተመለሰ» ብሎ ነበር። ሳምንታዊውን ይክፈቱና መስመሩ የት እንደቆመ ይዩ፦ 60 አልደረሰም። ከዚያ በኋላ የሆነውን ቻርቱ ራሱ ያሳይዎታል።

ዳይቨርጀንስ አሳሳሉ

የመክፈቻችን ታሪክ በትሬደሮች ቋንቋ ዳይቨርጀንስ ይባላል፤ ዋጋና ጉልበት ሲለያዩ። አሳሳሉ ቀላል ነው፣ ማጭበርበሩም ቀላል ነው፤ ስለዚህ ሥርዓት ይበጅለት።

ዋጋው ላይ ሁለት ጫፎች ይምረጡ፣ ማንም ሰው ሳይነገረው የሚያያቸው ጫፎች። በመስመር ያገናኟቸው። ከዚያ በትክክል በእነዚያው ሁለት ቀናት ላይ አርኤስአዩ የት እንደነበረ ይፈልጉና እሱንም ያገናኙ። የላይኛው መስመር ወደ ላይ፣ የታችኛው ወደ ታች ካዘነበለ ጉልበት እየደከመ ነው። ዋጋው ሲወርድ ደግሞ ጉድጓዶቹን ነው የሚያገናኙት፤ ዋጋው አዲስ ጉድጓድ ሲቆፍር መስመሩ ከፍ ካለ የሻጮቹ ጉልበት እያለቀ ነው። መስመሩ የሚያስፈልግዎትን ነገር እንዲያሳይ ጫፎቹን ወዲያ ወዲህ ማዛወር ከጀመሩ ዳይቨርጀንሱ የለም፣ ይዝጉት።

አሁን የማይነገረውን ልንገርዎ። የ2021ን ምሳሌ ሁሉም የሚያነሳው መጨረሻው ስላማረ ነው። ያው ቻርት ላይ ግን ዳይቨርጀንሱ የጀመረው ኖቬምበር ላይ አይደለም። ጃንዋሪ መጀመሪያ ላይ ዋጋው 42,000 ዶላር ሊነካ ጥቂት ቀርቶት ነበር፤ ፌብሯሪ ላይ 58,000 ዶላር ሲደርስ መስመሩ ከጃንዋሪው በታች ነበር። ያን ጊዜ ቢትኮይን ይወርዳል ብሎ በብድር የተወራረደ ሰው ዋጋው እስከ 64,800 ዶላር ሲሄድ ተጠርጎ ይወጣ ነበር። የመስመሩ ማስጠንቀቂያ እውነት ነበር፤ ቀኑን ግን አልተናገረም። ስለዚህ ዳይቨርጀንስ ሲያዩ የሚደረገው ነገር ለመግዛት አለመቸኮል፣ በእጅ ያለውን በከፊል መቀነስ፣ የመውጫ ዋጋን ወደ ላይ ማስጠጋት ነው። ገበያው ይወርዳል ብሎ መወራረድ ሌላ ጉዳይ ነው፤ ለዚያ ቢያንስ ዋጋው የመጨረሻውን ጉድጓድ ሰብሮ ከሥሩ እስኪዘጋ ይጠበቃል።

በ15 ደቂቃ ቻርት ላይ በቀን ብዙ ዳይቨርጀንስ ያገኛሉ። አብዛኛው ጫጫታ ነው። በዚያ ላይ ብዙ መድረኮች በእያንዳንዱ ግዢና ሽያጭ 0.1 በመቶ ይወስዳሉ፤ በቀን አሥር ጊዜ ገብቶ የሚወጣ ሰው ትርፍ ኪሳራ ሳይባል በየጊዜው ከሚያስገባው ገንዘብ ሁለት በመቶ ያህሉን ለመድረኩ ሰጥቷል። በየቀኑ።

ማክዲን በአጭሩ

ጄራልድ አፔል በ1970ዎቹ ያወጣው ማክዲ የ12 ቀን አማካይን ከ26 ቀን አማካይ ጋር አነጻጽሮ ልዩነቱን ያሳያል፤ ከጎኑ የልዩነቱ የ9 ቀን አማካይ ይሄዳል። ሁለቱ ሲቆራረጡ «ሲግናል» ይባላል። ሲቆራረጡ ግን ዋጋው ብዙ ሄዷል፤ አማካይ ሁልጊዜ ዘግይቶ ይደርሳል። ከማክዲ የምወደው ከታች ያሉትን አሞሌዎች ነው፤ መቆራረጡ ከመድረሱ በፊት ማጠር ይጀምራሉ።

አንድ ጥንቃቄ፦ ማክዲ የሚለካው በዶላር ነው። ቢትኮይን 10,000 ዶላር ሳለ 1,000 የሚል ማክዲ አሥር በመቶ ነው፤ 100,000 ዶላር ሲሆን ግን ያው 1,000 አንድ በመቶ ብቻ ነው። የ2017ን ማክዲ ከ2024 ጋር የሚያነጻጽር ሰው ካዩ የሚያወዳድረው ምን እንደሆነ አያውቅም። አርኤስአይ ካለዎት ማክዲ የግድ አይደለም። ሁለቱም የሚሠሩት ከዚያው ከመዝጊያ ዋጋ ነው፤ «ሁለት ማረጋገጫ አገኘሁ» ማለት አንድን ምስክር ሁለት ጊዜ መጥራት ነው። ነጻው አካውንት ብዙ ኢንዲኬተር አያስጨምርም፤ አይቆጩ።

ከዋጋ ውጭ የሆኑ ምስክሮች

እውነተኛ ሁለተኛ ምስክር ከፈለጉ የግብይት መጠኑን፣ ቮሊዩሙን ይመልከቱ። ዋጋ በብዙ ግብይት ሲወጣ ብዙ ሰው ገብቷል ማለት ነው፤ ግብይቱ እየሳሳ የሚወጣ ዋጋ ግን ሻጭ ስላጣ ብቻ የሚወጣ ሊሆን ይችላል። ያንኑ የ2021 ሳምንታዊ ቻርት ከፍተው የጃንዋሪና የፌብሯሪን አሞሌዎች ከኖቬምበሩ ጋር ያስተያዩ።

ቮሊዩም ግን ይዋሻል። ቢትዋይዝ የተባለው የኢንቨስትመንት ድርጅት በማርች 2019 ለአሜሪካ የአክሲዮን ገበያ ተቆጣጣሪ ባቀረበው ትንተና፣ በወቅቱ ሪፖርት ይደረግ ከነበረው የቢትኮይን ግብይት 95 በመቶ የሚሆነው ሐሰተኛ ወይም ኢኮኖሚያዊ ትርጉም የሌለው ነው ብሏል። መድረኩ ራሱ ከራሱ ጋር እየገዛ እየሸጠ ነው የሚያሳየው። መጀመሪያ ላይ የታወቀ መድረክ ይምረጡ ያልኩት ለዚህም ነው።

ሌላው ምስክር ፈንዲንግ ሬት ነው። ቀጠሮ በሌለው የፊውቸርስ ገበያ ላይ ዋጋው ይወጣል ብለው በብድር የገቡ ሰዎች ከበዙ፣ ይወርዳል ላሉት በየጊዜው ይከፍላሉ፤ ብዙ መድረክ ላይ በየስምንት ሰዓቱ፣ በእኛ አቆጣጠር ከሌሊቱ 9፣ ከረፋዱ 5 እና ከምሽቱ 1 ሰዓት። የተለመደው ክፍያ 0.01 በመቶ ነው። 0.1 በመቶ ከደረሰ በቀን 0.3 በመቶ ይሆናል፤ በአሥር እጥፍ ሌቨሬጅ፣ ማለትም በብድር፣ የገባ ሰው ከመያዣው በቀን 3 በመቶ እየከፈለ ይጠብቃል። ይህን ያህል ለመክፈል የሚፈቅድ ሕዝብ ሲበዛ ጉልበቱ የብድር ጉልበት ነው። ሜይ 19 ቀን 2021 ቢትኮይን በአንድ ቀን ከ43,000 ዶላር ገደማ ወደ 30,000 ሲወርድ፣ መያዣቸው ያለቀ ባለብድሮችን መድረኮቹ በግዳጅ እየሸጡባቸው ሽያጩ ሌላ ሽያጭ ይወልድ ነበር።

ከቢትኮይን ውጭ ያለ ኮይን የሚያዩ ከሆነ ደግሞ ዋጋውን በዶላር ብቻ አይዩ፤ በቢትኮይን የተተመነውንም ቻርት ይክፈቱ። ኤቴሪየም ከ2023 መጀመሪያ እስከ 2024 በዶላር ሲታይ ከ1,200 ገደማ ወደ 4,000 ሄዷል፤ ጥሩ ጉልበት ይመስላል። በቢትኮይን ሲተመን ግን ሴፕቴምበር 2022 ላይ 0.08 አካባቢ የነበረው ኤፕሪል 2025 ላይ ከ0.02 በታች ወርዷል። ጉልበቱ የቢትኮይን ነበር፤ ኤቴሪየም ከኋላ እየተጎተተ ነው የወጣው።

ከንባብ ወደ ውሳኔ

ቻርቱን አነበቡ፤ አቅጣጫው ወደ ላይ ነው፣ አርኤስአዩ 40 አካባቢ ደርሶ ተነስቷል፣ ቮሊዩሙ አልሳሳም። አሁን ከመግዛትዎ በፊት አንድ ዓረፍተ ነገር ይጻፉ፦ «ዋጋው እዚህ ቢደርስ ንባቤ ስህተት ነበር።» ያችን ዋጋ መጻፍ ካልቻሉ አይግዙ።

ዋጋዋን ለመምረጥ ዋይልደር በዚያው መጽሐፍ ያወጣው ኤቲአር ይረዳል፤ ዋጋው በአማካይ በቀን ስንት ዶላር እንደሚወዛወዝ ያሳያል። ቢትኮይን 60,000 ዶላር ነው፣ የ14 ቀን ኤቲአሩ 2,000 ዶላር ነው እንበል። መውጫዎን በ1,000 ዶላር ርቀት ቢያስቀምጡ ተራ የዕለት ውዝዋዜ ያስወጣዎታል። በሁለት ኤቲአር ርቀት፣ 56,000 ላይ ያድርጉት። ርቀቱ ከመግቢያው 6.67 በመቶ ነው።

ስንት ልግዛ የሚለው የሚሠላው ከዚህ ተነስቶ ወደ ኋላ ነው። ካለዎት 500 ዶላር ውስጥ በአንድ ሙከራ አንድ በመቶ፣ ማለትም 5 ዶላር ብቻ ለማጣት ይወስኑ። 5ን ለ0.0667 ሲያካፍሉ 75 ዶላር ይመጣል። የሚገዙት የ75 ዶላር ቢትኮይን ነው፤ 56,000 ላይ ቢወጡ የሚያጡት፣ የመድረኩ ክፍያ ሳይታከል፣ 5 ዶላር ነው። ትንሽ መስሎ ይታያል። አሥር ጊዜ በተከታታይ ቢሳሳቱ ግን አሁንም 450 ዶላር ገደማ በእጅዎ አለ፤ በሌቨሬጅ የገባው ጓደኛዎ አንዴ ተሳስቶ ጨርሷል። ሲግናል ሻጮች ይህን ስሌት አያሳዩም፤ የሚያሳዩት ያተረፈውን ቀን ስክሪንሾት ነው፣ ያውም ከሆነ በኋላ።

ልምምዱ

ትሬዲንግቪው ላይ ሪፕሌይ የሚባል ቁልፍ አለ። ሳምንታዊውን ቻርት ወደ 2016 ወስደው ይጫኑት፤ ከዚያ ቀን በኋላ ያለው ሁሉ ይሰወርልዎታል። አንድ አንድ ካንድል እየገለጡ ይሂዱ። በየካንድሉ አይጻፉ፤ አርኤስአዩ 40፣ 60 ወይም 70 ሲቆርጥና ዋጋው አዲስ ጫፍ ወይም አዲስ ጉድጓድ ሲሠራ ብቻ ይቁሙ። በደብተር ላይ ቀኑን፣ ዋጋውን፣ አቅጣጫውን፣ የመስመሩን ቁጥር፣ ምን እንደሚያደርጉና ንባብዎ የሚሰረዝበትን ዋጋ ይጻፉ። ከዚያ የሚቀጥለውን ካንድል ይግለጡ። የጻፉትን መደለዝ የለም፤ ያልሆነውን በሌላ ቀለም ከጎኑ ያስፍሩ።

ዲሴምበር 2017 ላይ ሲደርሱ ዋጋው 20,000 ዶላር ሊነካ ሲል ያገኙታል፤ በዓመቱ ደግሞ 3,200 ዶላር አካባቢ። እነዚህን ሁለት ቦታዎች ቀድመው ስለሚያውቋቸው ደብተርዎ ላይ ጎበዝ ሆነው መታየትዎ አይቀርም። ስለዚህ ቢትኮይንን ሲጨርሱ ታሪኩን የማያውቁትን አንድ አሮጌ ኮይን፣ ላይትኮይንን ወይም ሌላ፣ ከፍተው እንደገና ከመጀመሪያው ይጀምሩ። የሁለተኛውን ደብተር ውጤት ነው የሚያምኑት።